ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ፤ የበቆጂ ቤትና የሙቀቱ ታሪክ

ቤት ቀን የደከመ አካል ማታ የሚያርፍበት፣ ሕፃን የሚያድግበት፣ ሽማግሌ የሚጦርበት፣ እንግዳም የሚስተናገድበት ሥፍራ ነው። ስለሆነም የአንድ ቤት ጥሩነት በግድግዳው ጥንካሬና በጣራው ብልጭታ ብቻ ሊመዘን አይገባም፤ በውስጡ ለሚኖሩት በሚሰጠው ምቾት ጭምር መመዘን አለበት። ምቾት ሲነሣ ብዙዎች ቅንጦትን ያስባሉ። በደጋ አገር ግን የምቾት መጀመሪያው ሙቀት ነው፤ ሙቀትም ጤንነት፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ነው።

ለዚህ ጉዳይ በቆጂ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። በአርሲ፣ ከአሰላ በስተደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። የጭላሎ፣ የካካና የጋላማ ተራሮች በአካባቢዋ ይታያሉ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ካገኘች ወዲህ፣ በኋላም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው አካባቢ ከወጡ በኋላ፣ ዓለም የበቆጂን ስም ከሯጮች ጋር አያይዞ ያነሣል። ሯጮቹን ያጠነከረው ቀዝቃዛና ስስ አየር ግን ማታ ሲሆን በየቤቱ ይገባል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ከምትለው ከአሰላ ጋር ሲነጻጸር እንኳ የሁለት ዲግሪ ተኩል ልዩነት ይኖራል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የሌሊቱ ውርጭ ማሳውን ይመታል።

ታዲያ የዚህ አገር ሰው ቤቱን እንዴት ሲያሞቅ ኖረ? ይህስ ጥበብ በዛሬው ቤት ውስጥ ከምን ደረሰ?

የሣሩ ቤት አሠራር

የአርሲ ኦሮሞ ገበሬ የቀድሞ ቤት ክብ ነበር። በመካከሉ በኦሮምኛ ኡቱባ የሚባለው ምሰሶ ይቆማል፤ ወራጆቹ ከጫፉ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ይወርዳሉ፤ በማገር ይታሰራሉ፤ በላያቸውም ሣር በወፍራሙ ይከደናል። ግድግዳው እንጨት ተተክሎ፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል፤ ውስጡ በእበት ይለቀለቃል። ጥድና ወይራ በቅርብ በሚገኙበት ዘመን እንጨቱ ከእነዚሁ ይቆረጥ ነበር። ሥራው የአንድ ቤተሰብ ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ይረባረብበታል።

ይህ ቤት በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ በርካታ ምሥጢሮች አሉት። የመጀመሪያው ቅርጹ ነው። የጎኑ ስፋት 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት 28 ካሬ ሜትር ያህል ወለል ሲኖረው፣ የግድግዳው ዙሪያ 19 ሜትር አይሞላም። ያንኑ ወለል የሚሰጥ 4 በ7 ሜትር የሆነ ቤት ግን 22 ሜትር ዙሪያ አለው። ክቡ ቤት ለብርድ የሚያጋልጠው ግድግዳ አነስተኛ ነው፤ ነፋስም የሚመታው ማዕዘን የለውም።

ሁለተኛው ጣራው ነው። ደረቅ ሣር በሰንበሌጦቹ መካከል የታሰረ አየር ስለሚይዝ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የሣር ክዳን ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያልፈው ሙቀት ከአንድ ሦስተኛ ዋት ብዙም አይበልጥም።

ሦስተኛው የሙቀቱ ምንጭ ነው። ምድጃው በቤቱ ውስጥ ስለነበር ራት የበሰለበት ፍም እስከ ሌሊት ያሞቃል። በብዙ ቤቶችም ላሚቱና ጥጃዋ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ ነበር። አምስት ሰዎች ተኝተው ሳሉ ከ350 እስከ 400 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣሉ፤ ላሚቱና ጥጃዋ ሲጨመሩ ድምሩ 700 ዋት ገደማ ይደርሳል። በግድግዳውና በስንጥቁ የሚወጣው ሙቀት ሁሉ ታስቦ በግምት ሲሰላ፣ እሳቱ ቢጠፋ እንኳ የቤቱ አየር ከውጭው በ5 ዲግሪ ያህል ሞቆ ሊያድር ይችላል ማለት ነው። ጭሱም ቢሆን ሥራ ነበረው፤ በሣሩ ውስጥ እያለፈ ሲወጣ እንጨቱንና ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቃል።

በአንጻሩ ጉድለቱ ቀላል አልነበረም። ጭሱ ዐይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ሣሩ እሳት ይፈራል፤ በየጥቂት ዓመቱም መታደስ አለበት። ከከብት ጋር ማደርም በሽታ ያመጣል። የቀድሞውን ቤት እንዳለ ማሞገስ ስለዚህ ትክክል አይሆንም። ትክክል የሚሆነው እያንዳንዱ ክፍሉ ምን ይሠራ እንደነበረ ለይቶ ማወቅ ነው።

ቤትና የመሬት ዋስትና

ሰው ቤቱን አሳምሮ የሚሠራው ነገም እንደሚኖርበት እርግጠኛ ሲሆን ነው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. አርሲ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ፣ ከመሬቱ ብዙው ክፍል ለሹማምንት፣ ለወታደሮችና ለባላባቶች ተከፋፍሎ አብዛኛው ገበሬ ጭሰኛ ሆነ። ባለመሬቱ በፈለገ ጊዜ ሊያስነሣው የሚችል ጭሰኛ ለዘለቄታ የሚሆን ቤት ለመሥራትም ሆነ ለልጁ የሚተርፍ ዛፍ ለመትከል የሚያተጋው ነገር አልነበረም።

በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ የሚባለው፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው አቀረበ፤ የእርሻ መሣሪያዎችን አሻሻለ፤ የከብት ርባታንም አስፋፋ። የስንዴና የገብስ ምርት አደገ። ይሁን እንጂ እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ማፈናቀል ጀመሩ። ምርቱን ለማሳደግ የመጣው ዕውቀት ለብዙ ቤተሰብ ጎጆውን ነቅሎ የመሄድ ምክንያት ሆነ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ነገር ግን ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ፣ በ1978 ዓ.ም. አርሲ ከመንደር ምሥረታው ዘመቻ ግንባር ቀደም ክፍለ ሀገሮች አንዷ ሆነች። ገበሬው በየኮረብታው ተበታትኖ የነበረውን ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ በቀጥታ መስመር በተሸነሸነ መንደር ውስጥ እንዲሠራ ተደረገ። አንዴ የፈረሰ ቤት ሣሩ ይሰባበራል፤ እንጨቱ ያጥራል፤ ጭቃው እንደ አዲስ ይቦካል። በችኮላ የተተከለ ግድግዳ እንደ ቀድሞው ተደጋግሞ አይመረግም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላም ብዙዎች መንደሩን ትተው ወደ ቀድሞ ይዞታቸው ሲመለሱ ቤቱ እንደገና ፈረሰ። በዚህ ሁሉ መካከል የቤት ምቾት ሁልጊዜ ለነገ የሚተላለፍ ጉዳይ ሆነ።

የቆርቆሮው መምጣት

ቆርቆሮ በኢትዮጵያ በመጀመሪያ የታየው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥትና በታላላቅ ሕንጻዎች ላይ ነው። በዚያው ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ ቋሚና ወራጅ ስለሚሰጥ ለቆርቆሮ ቤት ተስማሚ ሆነ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ቆርቆሮ በከተሞች እየተለመደ ሄደ። ከዚያም በጊዜ ብዛት ወደ ገጠር ዘለቀ።

በአርሲ ደጋ ይህን ለውጥ ያፋጠኑት ሁለት ምክንያቶች ናቸው። አንደኛው የሣር እጥረት ነው። የግጦሽ መሬቱ ለስንዴና ለገብስ ሲታረስ ለክዳን የሚሆን ረጅም ሣር ጠፋ። ከአዲሶቹ የስንዴ ዘሮች ብዙዎቹ አገዳቸው አጭር በመሆኑ የሣሩን ቦታ ሊተኩ አይችሉም፤ ጭዱንም ከብት ይሻማዋል። ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአሰላ የብቅል ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ የበቆጂ ገብስ ገበያ አገኘ። መኸሩ በቀና ዓመት ገበሬው የሚገዛው የመጀመሪያ የዘለቄታ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮ ነው።

ይህ ምርጫ ስሕተት አይደለም። ቆርቆሮ አያፈስም፤ በቀላሉ አይቃጠልም፤ በየጊዜው ልታደስ አይልም፤ ለባለቤቱም ክብር ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የሣር ክዳን በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ዝናብ ይከለክላል፤ ሙቀትም ያግዳል። ቆርቆሮው የመጀመሪያውን ሥራ ከሣሩ በተሻለ ተረከበ፤ ሁለተኛውን ግን የተረከበ የለም።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ባዶ ቆርቆሮ በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 7 ዋት ያህል ያሳልፋል፤ ይህም ከሣሩ ክዳን 20 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከላይ የተጠቀሰው ቤት ጣራው ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ከብቶቹ ወደ በረት ቢወጡ፣ እሳት በሌለበት ሌሊት የውስጡ አየር ከውጭው የሚበልጠው በ1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። የተኙት ሰዎች እስትንፋስ በታችኛው ፊቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይዘንብ ጣራው አፈሰሰ የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ምድጃው ከቤት ሲወጣ

ቆርቆሮው ሲገባ ምድጃው ወጣ። ማድ ቤት ለብቻው መሠራቱ ለጤና ትልቅ እርምጃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ምርጥ ምጣድም ማገዶ በመቆጠብና ጭስ በመቀነስ እናቶችን ረድቷል። ሆኖም ጭሱን ይዞ የወጣው ምድጃ ሙቀቱንም ይዞ ወጥቷል። በመኝታ ቤት የቀረው ብርድ ልብስና ጋቢ ብቻ ነው።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብርድ የጸናበት ቤተሰብ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ያስገባል፤ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። በበቆጂ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያንስ፣ አካል ቀድሞውኑ የሚያገኘው ኦክስጅን ጥቂት ነው። የሣሩ ጣራ ይተነፍስ ነበር፤ በስሚንቶ የተለሰነና ኮርኒስ የተመታበት ክፍል ግን እንደዚያ አያስተነፍስም። ስለዚህ አንድ ሌሊት ለመሞቅ የገባ ከሰል ቤተሰቡን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ይህን ችግር ሌሎች የብርድ አገሮችም አይተውታል። በስዊድን የማገዶ እጥረት ባስጨነቀበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1767 ካርል ዮሐን ክሮንስቴትና ፋቢያን ቭሬደ እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። የሠሩት ምድጃ ጭሱን በጡብ ውስጥ በተበጁ መተላለፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያዞረ፣ ሙቀቱን ለጡቡ ካስረከበ በኋላ በጭስ ማውጫ ወደ ውጭ ይለቀዋል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የነደደ እሳት ክፍሉን ለብዙ ሰዓት ያሞቃል፤ ጭሱ ግን ቤት ውስጥ አይቀርም። ካዱ የተመሠረተው ልክ ከ200 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ነበር። ስዊድናውያኑ ወደ ጭላሎ ይዘው የመጡት የእርሻ ዕውቀት ነው፤ ቤት ማሞቅ ከድርጅቱ ዋና ዋና ተግባሮች መካከል አልነበረም። ኢትዮጵያ ሞቃት አገር ናት የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ የደጋውን ሌሊት ሸፍኖት ኖሯል።

የባለሙያው ድርሻ

ይህ አስተሳሰብ በውጭ ሰዎች ላይ ብቻ የሚላከክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ ሕንጻ ኮድ ከ1 እስከ 8 ያሉት ክፍሎች ስለ ጭነት፣ ስለ ኮንክሪት፣ ስለ ብረት፣ ስለ ብረትና ኮንክሪት ቅንጅት፣ ስለ እንጨት፣ ስለ ግንብ፣ ስለ መሠረትና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ በዝርዝር ይደነግጉ ነበር። ሁሉም ቤቱ እንዳይወድቅ የሚጠብቁ ነበሩ፤ ይህም ተገቢ ነበር። ከስምንቱ መካከል ግን የተኛውን ሰው ብርድ ጉዳዬ ብሎ የያዘ አልነበረም። ለቆላና ለደጋ አንድ ዓይነት የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የመኖሪያ ቤት ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስም ይህንኑ ክፍተት ያሰፋዋል።

መፍትሔው የግድ ውድ መሆን የለበትም። ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዴ ብቻ እንኳ ቢወጠር፣ በመካከሉ የሚታገደው አየር በጣራው የሚወጣውን ሙቀት ከግማሽ በታች ያደርገዋል። በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ጭድ በቀጭን ጭቃ ተለውሶ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢደለደል ደግሞ፣ 7 ዋት የነበረው ወደ 1 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ጭቃው ጭዱን ከእሳትና ከአይጥ ይጠብቀዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጭድ፣ አፈርና እንጨት በበቆጂ ዙሪያ የሚገኝ ነው፤ ሙያውም ግድግዳ ከሚመርጉት ሰዎች እጅ አልጠፋም። የጭስ ማውጫ ያለው የጡብ ምድጃም በደጋ ወረዳዎች ሊሞከር፣ ሊለካና ሊሻሻል የሚገባው ሥራ ነው። እስከዚያው ግን ማንደጃ ከመኝታ ቤት መራቅ እንዳለበት በየአጋጣሚው መነገር አለበት።

የበቆጂ ገበሬ አባቶች ያለ ንድፍና ያለ መለኪያ ከክብ ግድግዳ፣ ከወፍራም ሣርና ከቤት ውስጥ ምድጃ ያስማሙትን ሙቀት፣ አዲሱ ዘመን ክፍል በክፍል እየለየ አውጥቶታል። እያንዳንዱ ለውጥ በራሱ በቂ ምክንያት ነበረው፤ የጎደለውን ቆጥሮ የሚተካ ባለሙያ ግን አልተገኘም። ጣራ ሲለወጥ ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሁለተኛ ሥራ መጠየቅና መልሱን በንድፉ ላይ ማስፈር የመሐንዲሱ ግዴታ ነው። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያድር ሕፃን ከባለሙያው የሚጠብቀው ከዚህ ያነሰ አይደለም።