«ፖሊግሎታ አፍሪካና»፦ በባሪያ ንግድ ጎዳና የተሰበሰበ የቃላት መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ላይ የታተመው የዚግስሙንድ ኬለ «ፖሊግሎታ አፍሪካና» ከመቶ በላይ በሆኑ የአፍሪካ ቋንቋዎች ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ቃላትንና ሐረጎችን ጎን ለጎን አሰልፎ ያቀርባል። የንጽጽራዊ ሥነ ልሳን ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። ይሁን እንጂ ቃላቱ የተሰበሰቡት በየቋንቋዎቹ አገር ሳይሆን በአንዲት ከተማ፣ በሲየራ ሊዮኗ ፍሪታውን ነው። ይህን እንዲቻል ያደረገው የባሪያ ንግድ ነው።

ብሪታንያ በ1807 ንግዱን በሕግ ከከለከለች በኋላ፣ የባሕር ኃይሏ በአትላንቲክ የሚማርካቸውን የባሪያ መርከቦች ወደ ፍሪታውን ይወስድ ነበር። ነጻ ከወጡት አብዛኞቹ ወደ ትውልድ አገራቸው ሳይመለሱ በዚያው ሰፈሩ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ኬለ ከ1847 ጀምሮ በዚያ ሲሠራ መረጃ አቀባዮቹ በአብዛኛው እነዚሁ ነበሩ።

ለምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች አጥኚም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ «ሙንቱ» በሚል ስም ያኦ፣ «ሜቶ» እና «ማታታን» በሚሉ ስሞች ደግሞ የማኩዋ ዘዬዎች ይገኛሉ። ተናጋሪዎቻቸውን ፍሪታውን ያደረሳቸው ከሞዛምቢክ ጠረፍ ተነሥቶ፣ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ ወደ አሜሪካ አህጉር ያመራ የነበረው ንግድ ነው። «ኪሪማን» የተሰኘው የቋንቋ ስያሜም ባሮች ይጫኑበት ከነበረው ከኬሊማኔ ወደብ ስም ጋር የተያያዘ ነው።

ኬለ የአቀባዮቹን ስም፣ ትውልድ መንደር፣ የተያዙበትን ሁኔታና ከአገራቸው ከወጡ ያለፈውን ዘመን በመግቢያው አስፍሯል። የታሪክ ተመራማሪው ፖል ሄር ይህንን መግቢያ በ1965 ባሳተመው ጥናት ሲመረምር፣ የአያያዛቸው ሁኔታ ከተገለጸው መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ በጦርነት የተማረኩ፣ ከዚያ ጥቂት የሚያንሱት ታፍነው የተወሰዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ሌሎቹ በፍርድ፣ በዕዳ ወይም በዘመድ እጅ የተሸጡ ነበሩ።

ይህ ከታሪክ ባሻገር የስልት ጥያቄ ነው። የካኑሪ ቋንቋ አቀባዩ አሊ ኤይሳሚ ከኬለ ጋር ሲሠራ ከቦርኑ ከተለየ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ አልፎት ነበር። በእርሱ ስም የሰፈረው ካኑሪ በወጣትነቱ የተናገረው፣ ከዚያም በኦዮና በፍሪታውን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር የኖረ ልሳን ነው። እንግዲህ 1854 የኅትመቱ ዘመን እንጂ የንግግሩ ዘመን አይደለም። የድምፅ ለውጥን ከዚህ ዓመት ተነሥቶ የሚያሰላ አጥኚ በአንድ ትውልድ ሊስት ይችላል። ከዚህ ስሕተት የሚጠብቀው የሰዎቹ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ሲጠቀስ ተናጋሪውም አብሮ ሊጠቀስ ይገባል።