የዕርዳታ እህል ከወደብ እስከ ጎጆ

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በወረደው ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ባጡ ጊዜ፣ እንደ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በእኛም የማሠልጠኛ ተቋም መዋጮ ተሰብስቦ ነበር። ከክረምት ሠልጣኞች አንዱ ብሩን በእጁ እንደያዘ፣ «መምህር፣ ይህ ገንዘብ በእውነት ይደርሳቸዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልኮ» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ይደርሳል እንጂ!» ብዬ አለፍኩት። ማስረጃ ግን አልነበረኝም። የታሪክ መምህር ለሆነ ሰው ያለ ማስረጃ መልስ መስጠት የሚያስመሰግን አይደለም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሠልጣኝ ዘግይቶ የቀረበ መልስ ነው።

«ዕርዳታው ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ ይመስላል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ በሐሳቡ የሚያየው ሌባን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የአገራችን የረሃብ ታሪክ ሲመረመር ዕርዳታ ከሰጪው እጅ እስከ ተቀባዩ ጎጆ ድረስ አራት በሮችን ማለፍ እንዳለበት እንረዳለን። እነርሱም የጊዜ በር፣ የመንገድ በር፣ የሥልጣን በርና የስም ዝርዝር በር ናቸው። ሌባ በየትኛውም በር ሊቆም ይችላል፤ ሌባ ሳይኖርም በሩ ተዘግቶ የተገኘበት ጊዜ ግን ብዙ ነው።

በመጀመሪያ የጊዜን በር እንመልከት። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የጊዜው መንግሥት ጉዳዩን በይፋ ከመናገር ተቆጥቦ ነበር። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ አስደግፈው ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አሳይተዋል። የውጭው ዓለም በሰፊው የሰማው ግን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነበር። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ነበር፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እጅግ አልናረም። እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ያጣው መግዣውን ነው። ዋናው ዕርዳታ ወሎ የገባው ረሃቡ ክፉኛ ከበረታበት ጊዜ በኋላ ነበር። በመጋዘን መዝገብ ላይ ይህ ሁሉ እህል «ደረሰ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሳይደርስለት ለሞተው ሰው ግን በዚያ መዝገብ ላይ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው የመንገድ በር ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች ጥሪ ሲያቀርብ፣ የሚያስፈልገው እህል 900,000 ቶን ያህል መሆኑን ገልጾ የጠየቀው ግን 450,000 ቶን ብቻ ነበር። ምክንያቱም ከዚያ በላይ የማጓጓዝ አቅም የለም የሚል ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ከተማሪዎች ጋር ብናሰላው፣ 450,000 ቶን ማለት 4.5 ሚሊዮን ኩንታል ነው። አንድ መኪና 200 ኩንታል ይጭናል ብንል 22,500 ጉዞ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ጎማ፣ ነዳጅና መለዋወጫ አለ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ መንደሩ ደግሞ አህያና የሰው ትከሻ ይቀራል።

ያም ጥሪ በጊዜው በቂ ሰሚ አላገኘም፤ መንግሥትም በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለሚከበረው 10ኛው የአብዮት በዓል ይዘጋጅ ነበር። ዓለም የተንቀሳቀሰው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የማይክል በርክ ዘገባ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ካነሣው የኮረም ፊልም ጋር ከታየ በኋላ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ የተደረገው የላይቭ ኤይድ የሙዚቃ ዝግጅት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳስገኘ ይነገራል። ሆኖም ገንዘቡን ያሰባሰቡት ሰዎች ራሳቸው ወዲያው የተረዱት፣ አሰብ ወደብ የወረደ ስንዴ በራሱ ተራራ የማይወጣ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ ከፊሉ ለመርከብና ለጭነት መኪና ዋለ። መንገድ በሌለው ደጋ ደግሞ የእንግሊዝ አየር ኃይል አይሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህሉን በጆንያ ይጥሉ ነበር። ለማጓጓዣ የወጣውን ገንዘብ «ለተራበው ያልደረሰ» ብሎ የሚቆጥር ሰው አለ። ያለ መኪናው ግን ስንዴው ወደብ ላይ ይቀር እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛው የሥልጣን በር ነው። በ1977 ዓ.ም. በትግራይና በኤርትራ ሰፊው ገጠር በአማፂያን እጅ ስለነበር፣ በመንግሥት በኩል የሚታደለው እህል ብዙውን ተራቢ አያገኘውም ነበር። ሌላ እህል በማኅበረ ረድኤት ትግራይና በኤርትራ ረድኤት ማኅበር አማካይነት ከሱዳን ይገባ ነበር፤ መኪናዎቹም የአየር ድብደባን በመፍራት የሚጓዙት በሌሊት ነበር። በዚያው ዘመን 600,000 ያህል ሰው ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ተደረገ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ቅርንጫፍ፣ ዕርዳታው ሰዎችን ወደ ሰፈራ ለመውሰድ መሣሪያ ሆኗል ብሎ በመቃወሙ በ1978 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። እዚህ ላይ ጥያቄው ይለወጣል። እህሉ ተራቢው አፍ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ተራቢው እፍኝ ስንዴ ለማግኘት ምን ከፈለ?

አራተኛውና የመጨረሻው የስም ዝርዝር በር ነው። ተረጂ ማን ነው? ስሙን የሚጽፈው ማን ነው? ስፍሩን የሚሰፍረውስ? በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት፣ ለትግራይ ተረጂዎች የተላከ እህል ተመዝብሮ ለገበያ መዋሉን በመግለጽ በክልሉ የምግብ ዕደላ አቆሙ። በሰኔ ወር ዕገዳው በመላ አገሪቱ ሆነ። እንደገና የተጀመረው የተረጂዎች ምዝገባና ቁጥጥር ከተሻሻለ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ሌባው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ዕደላው ሲቆም ጦሙን ያደረው እህሉን የሸጠው ሰው አልነበረም። ለአንድ ጆንያ ስንዴ ተሰልፋ የነበረችው እናት ሁለት ጊዜ ተቀጣች፤ መጀመሪያ በመዝባሪው፣ ቀጥሎም መዝባሪውን ለመከላከል በተወሰደው እርምጃ።

ጥርጣሬም ቢሆን ማስረጃ ይፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. ቢ.ቢ.ሲ. ባሰራጨው ዝግጅት በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የዕርዳታ ገንዘብ ለአማፂያን የጦር መሣሪያ መግዣ ውሏል የሚል ክስ ቀርቦ ነበር። ዝግጅቱ ባንድ ኤይድ ያሰባሰበው ገንዘብ ለዚህ እንደዋለ የሚያስመስል ስለነበር፣ ጣቢያው ለዚህ ማስረጃ እንደሌለው አምኖ በ2003 ዓ.ም. ድርጅቱን ይቅርታ ጠይቋል። «ሁሉም ደርሷል» የሚለው የባለሥልጣን መግለጫና «ሁሉም ተበልቷል» የሚለው የጠላ ቤት ወሬ ሁለቱም ከምርመራ የሚያሳርፉ መልሶች ናቸው።

እንግዲህ ለመምህራን ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የ1965ንና የ1977ን ረሃብ ስናስተምር የሟቹን ቁጥርና የመንግሥትን ጥፋት ብቻ አስይዘን አንለፍ። ተማሪዎቻችን አንድን ኩንታል ስንዴ ከመርከብ እስከ ምጣድ እየተከተሉ በየበሩ እንዲጠይቁ እናድርግ። መቼ ደረሰ? በምን ተጓዘ? በማን ፈቃድ አለፈ? ስሙን ማን ጻፈው? በአካባቢያቸው በዚያን ዘመን ዕርዳታ የተቀበሉ ወይም ያደሉ አዛውንት ካሉም ቀርበው ቢጠይቁ፣ ከመጽሐፍ የማይገኝ ብዙ ነገር ያገኛሉ።

ለዚያ ሠልጣኝ ዛሬ ቢጠይቀኝ የምሰጠው መልስ እንዲህ ነው፤ «ከፊሉ ይደርሳል፣ ከፊሉ ይዘገያል፣ ከፊሉም ይጠፋል። ስለዚህ መዋጮህን ስጥ፤ ደረሰኙን ተቀበል፤ ከሦስት ወር በኋላም የት እንደደረሰ ጠይቅ።» በጎፋ ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የሄዱ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። እነርሱ ያን ያህል ከሰጡ፣ እኛ በርቀት ያለን ሰዎች ብር ሰጥተን ጥያቄውን መተው አይገባንም።