ከአዋሽ ሸለቆ ወደ ባዕድ አገር፤ ስለ አየር ጠባይና ስለ ትምህርት

ለልጁ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚመርጥ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ትምህርት ቤቱ ዝና፣ ስለ ክፍያውና ስለ ትምህርቱ ዓይነት ነው። የአገሩ አየር እንዴት ነው? የሚለው ጥያቄ ግን ወይ በመጨረሻ ይመጣል፤ ወይም ጨርሶ ይረሳል። ይህ ጥያቄ በተለይ ለአዋሽና ለሠመራ ልጆች የከበደ ነው። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ሠመራ ደግሞ ከ400 ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በሠመራ በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ አየር ያደገ ወጣት በረዶ ወደሚወርድበት አገር ሲሄድ ምን እንደሚጠብቀው ለማወቅ ከእርሱ በፊት የሄዱትን ሰዎች ታሪክ መመርመር ይገባናል።

የቀድሞ ተማሪዎች መንገድ ራሱ የአየር ትምህርት ነበረ። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ግብፅና ወደ አሜሪካ የተላኩ ወጣቶች ወደ ባሕር የሚወርዱት በአዋሽ በኩል ነበረ። በዚያ ዘመን መደበኛው ባቡር ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በአዋሽና በድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይደርስ ነበር። ብዙው የደጋ ልጅ የቆላን ሙቀት የቀመሰው በዚሁ ጉዞ ነው፤ ከባሕር ማዶ ለሚጠብቀው ብርድ ግን ይህ ሙቀት አላዘጋጀውም።

ከባቡሩ ዘመን አስቀድሞ የሆነው ነገር ይበልጥ ያስተምረናል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ ሁለት ሕፃናት ከዚያ አምባ ወደ ባዕድ አገር ተወሰዱ። አንደኛው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ ሁለተኛው ኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት ናቸው። ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስደው በቸልተናምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ ሳንባቸውን ታመው በ18 ዓመታቸው ዐረፉ። ሐኪም ወርቅነህ ግን በሞቃቱ ሕንድ አደጉ፤ በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ወደ ብርዳማዪቱ ስኮትላንድ የተሻገሩትም ዐዋቂና ባለሙያ ከሆኑ በኋላ ነበረ። አገራቸውን ለረጅም ዘመን አገልግለው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህን ስናነጻጽር ልዑሉን የገደላቸው ብርድ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ ሲወጡ በመንገድ ሞተውባቸዋል፤ በባዕድ አገርም ከአሳዳጊ ወደ አሳዳጊ የተዘዋወሩ ብቸኛ ልጅ ነበሩ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በልጅነታቸው ከሐረር ወደ ሩስያ ሄደዋል። በፒተርስበርግ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትታየው ለ6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ እርሳቸው ግን የሚያስጠጋቸው ቤተሰብ አግኝተው፣ የመድፈኛን ትምህርት ፈጽመው ተመለሱ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥትም አረቀቁ። እንግዲህ ብርድን የሚያሸንፈው ልብስ ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭምር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችን አየር የሚለወጠው በከፍታ ነው፤ ቆላው የከበደው ሰው ወደ ደጋ ይወጣል። በሰሜኑ ዓለም ግን አየር የሚለወጠው በወራት ነውና ክረምቱን ሸሽቶ የሚወጡበት ተራራ የለም። የዛሬ ዘመን ሐኪሞች እንደሚያስረዱን የሳንባ በሽታን የሚያመጡት በአብዛኛው ተዋሕስያን ናቸው፤ በብርድ ወራት ሰዎች በተዘጋ ቤት ተጨናንቀው ሲኖሩ በቀላሉ ይተላለፋሉ። የፀሐይ ብርሃን ሲያንስ ደግሞ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ቫይታሚን ዲ ሊያጥረው ይችላል። በእነዚያ አገሮች ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በመስከረም ግድም፣ ብርዱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ስለሆነ የወፍራም ልብስና የቤት ማሞቂያ ወጪ ከትምህርት ክፍያው ጋር አብሮ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

ነገር ግን የአየርን ነገር ከጤና ጋር ብቻ ማያያዝ የጉዳዩን እኩሌታ መተው ነው። የአዋሽ ሸለቆ ችግሮች የታወቁ ናቸው፤ ድርቅ አለ፤ በመስኖ የሚለማው መሬት ጨው እያበዛ ይበላሻል፤ ከአሜሪካ ምድር የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ የከብቱን ግጦሽ ይወርሳል። እነዚህን ለማጥናት የሚሻ ወጣት እንደ አገሩ ያለ ምድር ቢመርጥ ትምህርቱ ለሁለት ይጠቅመዋል። በአሜሪካ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቱሳን በተባለች የበረሃ ከተማ ነው፤ በሕንድም ጆድፑር ላይ ስለ ደረቅ ምድር የሚመረምር ትልቅ ተቋም አለ። እንዲህ ባለ ስፍራ ተማሪው ከመምህሩ ዘንድ የሰማውን ከደጅ ወጥቶ ያየዋል፤ ያየውንም ወደ አገሩ ይዞ ይመለሳል።

ይህም ሲባል የአፋር ልጅ ከበረሃ ወደ በረሃ ብቻ ይሂድ ማለት አይደለም። የሚሻው ሙያ በብርድ አገር የሚገኝ ከሆነ ወደዚያው ይሂድ፤ ከደጋ ተነሥቶ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው ወደ ሠመራ ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው ተማሪስ ሙቀቱን ችሎ ይማር የለምን? ልዩነቱ ዐውቆ በመሄድና ሳያውቁ በመሄድ መካከል ነው። በመቅደላ የተያዙት ሕፃናት የሚሄዱበትን አገር የመረጠላቸው ሌላ ነበረ። የዛሬው ወጣት ግን ምርጫው በእጁ ነውና ዝናንና ክፍያን በሚመዝንበት ሚዛን አየሩንም ይመዝን፤ ሰውነቴ ይችለዋልን? ትምህርቱስ ለምድሬ ይበጃልን? ብሎ ሁለቱን ይጠይቅ። ወላጆችና ተማሪ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶችም ከመነሣቱ በፊት ይህን ጥያቄ አብረውት ሊመልሱ ይገባቸዋል።