የዳታቤዙ ዘብ ማነው?

ለመሆኑ አንድ ድረ ገጽ ላይ ስንመዘገብ ኢሜይላችን ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚጠብቀው ማነው? ፕሮግራሙ ወይስ ዳታቤዙ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከጀርባው ግን ረጅም ታሪክ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከኤድጋር ኮድ ነው። ስሙ ከፕሮግራመሮች ኮድ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው! በአይቢኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ይህ የእንግሊዝ ተወላጅ የሒሳብ ሰው፣ መረጃ በሰንጠረዥ መልክ ይቀመጥ የሚለውን ሐሳቡን በ1970 አሳተመ። ከዚያ በፊት ፕሮግራመሩ መረጃው ማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተሰካካ ካላወቀ ሥራው አይሄድለትም ነበር። በ1976 ደግሞ ፒተር ቼን ነገሮችንና ዝምድናቸውን በሥዕል የምናሳይበትን ዘዴ አመጣ። ሕጉን የማስከበሩ ሥራም ቀስ በቀስ የዳታቤዙ ሆነ።

ከዚያ የድረ ገጽ ዘመን መጣ። በ2004 ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን ሩቢ ኦን ሬይልስን ለቀቀ፤ በ2005 ከአንድ የካንሳስ ጋዜጣ ቤት የወጣው ጃንጎ ተከተለ። ሰንጠረዡ አሁን በፕሮግራሙ ውስጥ «ሞዴል» የሚባል ወኪል አገኘ። «ኢሜይል አይደገምም» የሚለውም ሕግ ሞዴሉ ላይ ተጻፈ። ሃንሰን ብልሃቱ ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ፣ ይሁን ባይ ነበር። ሬይልስ ሰንጠረዥን ከሰንጠረዥ የሚያስተሳስረውን የውጭ ቁልፍ በራሱ መደገፍ የጀመረው በ2014 ነው።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ይደርሳሉ እንበል። ሞዴሉ ለሁለቱም ዳታቤዙን ይጠይቃል፦ «ይህ ኢሜይል አለ?» «የለም!» ሁለቱም ይመዘገባሉ። በ2015 ፒተር ቤይሊስና ባልደረቦቹ 67 የክፍት ምንጭ ፕሮግራሞችን መርምረው ይህን የመሰለውን ክፍተት በጥናት አሳዩ።

እንደ አክቲቭ ሬኮርድ ዶክተር ያሉ መሣሪያዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። አሠራራቸው ተንኮል የለውም። ሞዴሉን ያነባሉ፣ የዳታቤዙን መዋቅር ያነባሉ፣ ሁለቱን ያስተያያሉ። ሞዴሉ «አይደገምም» ሲል ሰንጠረዡ ዝም ካለ ለፕሮግራመሩ ይነግሩታል።

ጥያቄው መቼ ይነገረው ነው። ዳታቤዙ በተደጋገሙ መዝገቦች ከተሞላ በኋላ ገደቡን እንጣል ብንል እሺ አይለንም፤ መጀመሪያ ድግግሞሹ መጥራት አለበት። ከሁለቱ መዝገቦች የትኛው ይሰረዝ? ደንበኛው የከፈለበት የትኛው ነው? ይህን መሣሪያው አይነግረንም። ስለዚህ ምርመራው በመጀመሪያው ቀን ይሁን እንላለን። አለዚያ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።