የቤቱ ዕዳ ሁለት ነው፦ ከአውቶቡስ ተራ የቀበሌ ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም

ዛሬ ፖለቲካ አልጽፍም ብዬ ነበር። ግን በዚህች ከተማ ቤት የማይነካው ፖለቲካ የለምና ትንሽ ታገሡኝ።

ያደግኩት አውቶቡስ ተራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሰን ዶሮ ሳይሆን መንገደኛ የሚጠሩ ረዳቶች ጩኸት ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ ከአምስት አባወራ ጋር የጋራ። ኪራዩ ግን እናቴ ለአንድ ሳምንት ቡና ከምታወጣው አይበልጥም ነበር።

ያ ርካሽ ኪራይ ከየት መጣ? ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሰፈሩ ራሱ የመንግሥት ውሳኔ ልጅ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳውን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ለአገሬው ሰው ወደ ከለለው ምዕራባዊ ክፍል አዛወረው። መርካቶና አዲስ ከተማ የተባሉት ከዚያ ነው። ከነጻነት በኋላም ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ሰው እዚያው አካባቢ ወርዶ፣ እዚያው ሥራ ፈልጎ፣ እዚያው ተከራይቶ ኖረ። የከተማው መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለነበር አብዛኛው ነዋሪ ጭሰኛ ባይባልም ተከራይ ነበር። ለቤት መሥሪያ የሚያበድሩ ተቋማት በንጉሡ ዘመንም ነበሩ፤ ግን ቋሚ ደመወዝ የሌለው የመርካቶ ሸክላ ሻጭ ወይም ተሸካሚ በራቸውን የሚያንኳኳበት ምክንያት አልነበረውም።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ፤ የድሃው ኪራይም ተቀነሰ። ደርግ የድሮዎቹን አበዳሪዎች አዋሕዶ የቤቶችና ቁጠባ ባንክን አቋቋመ። ይህ ባንክ በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ።

አዋጁ ለተከራዩ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ከአነስተኛ ኪራይ ቤት የሚያድስ ገንዘብ አይገኝም። የእኛ ጣሪያ ሲያፈስ ቀበሌው አያድስም፤ እኛም ነገ የማን እንደሚሆን ለማናውቀው ቤት ገንዘብ አናወጣም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ፣ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን፣ ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር መጣ። በ1997ቱ ምዝገባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰለፈ፤ እናቴም አንዷ ነበረች። በ2005 ዓ.ም. ዳግም ሲመዘገብ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። 20/80 ማለት 20 በመቶውን ቆጥበህ፣ 80 በመቶውን ባንክ አበድሮህ፣ በረጅም ዓመት የምትከፍለው ነው። 10/90 ዝቅተኛ ገቢ ላለው፣ 40/60 ደግሞ ከፍ ላለው ታሰበ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። በአገራችን ታሪክ ተራ ሰው በዚህ ብዛት የባንክ ዕዳ ገብቶ ባለቤት የሆነበት ጊዜ አልነበረም። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው።

የእናቴ ዕጣ ሲወጣ እኔ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ጀምሬ ነበር። የቀበሌ ቤቱን አስረክበን ከተማው ዳር ወዳለ ሳይት ወጣን። ወርሃዊ ክፍያውን እኔ ተረከብኩ። ብዙም ሳይቆይ አገባሁ፤ ሁለት ልጆችም መጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ኮንዶሚኒየም ስናወራ ሁሌም የምንቆጥረው ብር ነው፦ ቅድመ ክፍያ፣ ወለድ፣ የወር ክፍያ። ሁለተኛውን ዕዳ ግን ማንም አይቆጥረውም፤ ሰዓቱን። አውቶቡስ ተራ እያለን እናቴ ገበያ ስትወጣ እኔን ለጎረቤት ጥላኝ ትሄድ ነበር። ጨው ሲያልቅ ከጎረቤት ነው፤ ሰው ሲታመም የሚያስታምም አይጠፋም። በር ከበር የተያያዘ ድህነት ነበር፤ ግን ሥራውን ይከፋፈላል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያ ሁሉ ቀረ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት አለ። ሥራ ቦታው መሃል ከተማ ስለቀረ በጠዋት የታክሲ ሰልፍ አለ። ሕፃን የሚይዝ ሰው በገንዘብ ይፈለጋል።

እኔ ደግሞ ነጻ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ገቢዬ አንድ ወር ይሞላል፣ ሌላ ወር ይጎድላል። ያም ሆኖ የባንኩን እስከከፈልኩ ድረስ ድርሻዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ መጥታ ትጋግራለች፣ ታጥባለች፣ ልጅ ታስጠናለች፤ እኔ ሶፋ ላይ ዜና እከታተላለሁ። አንድ ምሽት በሳህን ማጠብ ተጨቃጨቅንና «የዚህን ቤት ዕዳ እኔ አይደለሁ የምከፍለው?» አልኳት። እናቴ ከወጥ ቤት ሳትወጣ መለሰችልኝ፦ «አንተ ለባንክ ትከፍላለህ፤ እኛ ደግሞ ላንተ እንከፍላለን።»

ዝም አልኩ። ቆይቼ ግን ሒሳቡን ሠራሁት። ሠራተኛ ብንቀጥር፣ እንጀራ ከሱቅ ብንገዛ፣ ልጆቹን በክፍያ ብናስይዝ፣ የባንኩ ክፍያ ከየትም አይወጣም ነበር። የወር ክፍያውን የሚሞላው የሁለት ሴቶች ያልተከፈለ ሥራ ነው። እኔ ሥራ በጠፋብኝ ወር ከውዝፍ ያዳነንም የእናቴ ዕቁብ ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ከእኔ አልተጀመረም፤ በሕግ የተጻፈ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገዋል። ባል የቤት ሠራተኛ ሊያቆምላት ካልቻለ ደግሞ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ግዴታ ይጥልባታል። ልብ በሉ፤ ባል ከደኸየ ዕዳው በሚስት ጉልበት ይከፈላል ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል ናቸው አለ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረትም የጋራ ነው። ወረቀቱ ተቀየረ፤ ወጥ ቤቱ ግን ገና 1952 ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ ለእናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን ለእንግዳ መቀበያም አይበቃም።

«ታዲያ ኮንዶሚኒየም ባይሠራ ይሻል ነበር ወይ?» የሚል ይኖራል። አይሻልም። የሚያፈሰውን ጣሪያ አልናፍቅም። ብዙዎች ዕጣ የደረሳቸውን ቤት አከራይተው፣ በኪራዩ ዕዳውን እየከፈሉ፣ ራሳቸው ርካሽ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ይህም የሚነግረን ቤቱ ሲሠራ ኑሮው አብሮ እንዳልተሠራ ነው። ሳይቶቹ ላይ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለዕርድና ለድግስ የታሰቡ የጋራ መጠቀሚያ ቤቶች ተሠርተዋል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ጎረቤትን መልሶ የማገናኘት ሐሳብ። በየብሎኩ ያለው ማኅበር ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለሕፃናት ማቆያ ቢያውለው የስንት እናት ጠዋት በተቃለለ! መንግሥትም ነዋሪን ከመሃል ሲያነሣ የሚሰጠውን ካሬ ሜትር ብቻ ሳይሆን የሚያጠፋበትን ሰዓትም ይቁጠር።

የቀረው የእኛ የወንዶቹ ነው። እኔ አሁን ጠዋት ልጆቹን አዘጋጅቼ አደርሳለሁ፤ ማታ ሳህኑ የኔ ነው። እንጀራ ጋግር አትበሉኝ፤ ሞክሬ እናቴን አስቄያታለሁ። ግን ክፍያው ሲያልቅ ካርታው ላይ የሚጻፈው ስም የማንም ይሁን፣ ዕዳውን ማን እንደከፈለው እኔ አውቃለሁ።

እናንተስ ቤት ሁለተኛውን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? ዛሬ ማታ እራት ላይ ጠይቁ። መልሱን ግን ከወጥ ቤት ስሙ።