የዶራሌ ውልና የተዘነጋው አንቀጽ፦ የወደብ አስተዳዳሪን በዜግነቱ የመመዘን ችግር

በመጋቢት 2006 (በዚህ መጣጥፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ድልድል ኮሚቴ የዱባዩን ዲፒ ወርልድ ከአገሪቱ ተርሚናሎች ለማገድ 62 ለ2 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ኩባንያው የእንግሊዙን ፒ ኤንድ ኦ ሲገዛ በኒው ዮርክ፣ በባልቲሞርና በማያሚ ያሉ ተርሚናሎችም አብረው ወደ እጁ ገብተው ነበር። በማግስቱ ለአሜሪካዊ ባለቤት እንደሚያስተላልፋቸው አስታወቀ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ጅቡቲ ይህንኑ ኩባንያ ከዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ስታስወጣ ዋሽንግተን ዳግመኛ ደነገጠች፤ አሁን ግን ያስደነገጣት መውጣቱ ነው። የጂኦፖለቲካ ተንታኞች በሁለቱ ድንጋጤዎች መካከል ቅራኔ አያዩም። እኔ ግን የወደብ ውልን በአስተዳዳሪው ዜግነት መመዘን የትም እንደማያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ለዚህ አመዛዘን ምሁራዊ ካባ የደረበለት ሕንዳዊው ብራህማ ቼላኒ ነው። በጥር 2017 ባሳተመው ጽሑፍ ቻይና ስልታዊ ቦታ ላላቸው አገሮች የምታበድረው በዕዳ ወጥመድ ውስጥ ልታስገባቸው እንደሆነ ተከራከረ፤ ዋና ምሳሌውም የስሪላንካው ሐምባንቶታ ወደብ ነበር። ተመራማሪዋ ዲቦራ ብራውቲጋምና ሌሎች ወደቡ ለቻይና ኩባንያ በመከራየቱ የተገኘው 1.12 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ የተሰረዘበት ሳይሆን የስሪላንካን የውጭ ምንዛሪ ክምችት ያጠናከረ ገንዘብ መሆኑን አሳይተዋል፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለም። ቅሬታዬ የቼላኒ እይታ ሳይመረመር ወደ ቀይ ባሕር መሻገሩ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2018 የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ የነበሩት ጆን ቦልተን ጅቡቲ ዶራሌን ለቻይና መንግሥት ኩባንያዎች ልታስረክብ ትችላለች ብለው አስጠነቀቁ። ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያው እንደ ታሪክ ይጠቀሳል። የባለቤትነት ሰነዱ የሚለው ግን ሌላ ነው። የቻይናው ቻይና መርቻንትስ በ2013 ከጅቡቲ ወደብ ኩባንያ 23.5 በመቶ ድርሻ ገዛ፤ የወደቡ ኩባንያ ደግሞ ከዶራሌ ተርሚናል 66.66 በመቶ ነበረው። ሁለቱን ብናባዛ ቻይናውያኑ በተዘዋዋሪ ወደ 16 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ ነበራቸው ማለት ነው፤ ያውም ዲፒ ወርልድ ተርሚናሉን እያስተዳደረ ባለበት ዘመን። ጅቡቲ በየካቲት 2018 ውሉን አፍርሳ ተርሚናሉን ለራሷ የመንግሥት ኩባንያ ሰጠች፤ በመስከረም ደግሞ የወደቡ ኩባንያ በተርሚናሉ የነበረውን ድርሻ ወረሰች። ስለዚህ ቦልተን ሲያስጠነቅቁ በተርሚናሉ ላይ የነበረው የቻይና ድርሻ እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አልነበረም።

ታዲያ ጠቡ ከምን መጣ? መልሱ ተንታኞቹ ከማይገልጡት ምንጭ፣ ከለንደን የግልግል ዳኞች ውሳኔዎች ይገኛል። የ2006ቱ ውል ለዲፒ ወርልድ አስተዳደርና 33.34 በመቶ ድርሻ ብቻ አልሰጠም፤ ተርሚናሉ በጅቡቲ ምድር ኮንቴይነር የማስተናገድ ብቸኛ መብት እንዲኖረውም አደረገ። የአንቀጹ ክብደት የሚታየው መሬት ላይ ሲወርድ ነው። ለሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የጫነ መርከብ ዶራሌ ሲደርስ ከጎኑ ሌላ መልሕቅ መጣያ፣ ሌላ ክሬን ቢኖርም እዚያ ማራገፉ የውል ጥሰት ነው። ጅቡቲ በግንቦት 2017 የዶራሌ ሁለገብ ወደብን መርቃ ስትከፍት የገባችበት ችግር ይኸው ነበር። በ2019 ዳኞቹ የወሰኑት 385 ሚሊዮን ዶላር ካሳ የተያያዘው አዲሱ ወደብ ኮንቴይነር በማስተናገዱ ብቸኛነቱ ከመጣሱ ጋር ነው፤ ባልተከፈለ የሮያሊቲ ድርሻ ሌላ 148 ሚሊዮን ተጨመረ። የግልግል ችሎት በዝግ ስለሚካሄድ ከቁጥር በላይ ሲነገር ጥንቃቄ ያሻል። ያም ሆኖ ዳኞቹ የተከራካሪዎቹን ዜግነት ሳይሆን ውሉን መመዘናቸው አያጠራጥርም። ሉዓላዊነትን የገደበው አንቀጹ ነው፤ ባለመብቱ ፈረንሳዊ ወይም ሲንጋፖራዊ ቢሆን ኖሮ ገደቡ አንዲት ጋት አይጠብም ነበር።

የጅቡቲ መንግሥት ውሉ በጉቦ የተገኘ ነው ይላል። ተቀበሉ የተባሉት የቀድሞው የወደብ ባለሥልጣን ኃላፊ አብዱራህማን ቦሬ ግን በ2016 በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነጻ ወጡ፤ የግልግል ዳኞቹም በ2017 ክሱን አልተቀበሉትም። ቦሬ ከፕሬዚዳንቱ ጋር የተቃቃሩ ሰው መሆናቸውን ሳይጠቅሱ ይህን ክስ ማንሳት የታሪኩን እኩሌታ መተው ነው። በ2025 ዲፒ ወርልድ በወደቡ ኩባንያ ላይ ያቀረበው የካሳ ጥያቄ ውድቅ መሆኑን የሚጠቅሱም አሉ፤ ያ ግን የቀድሞዎቹን በመንግሥት ላይ የተሰጡ ውሳኔዎች አይሽርም። የቻይና ጦር ሰፈር የዶራሌ ጎረቤት ነው የሚለው መከራከሪያም ሩቅ አይሄድም፤ ሰፈሩ የቆመው በመንግሥታት ስምምነት እንጂ በኮንቴይነር ውል አይደለም።

ጉዳዩ ከማንም ይልቅ የሚያገባት ከገቢና ወጪ ንግዷ 90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በጅቡቲ ለምታስተላልፈው ኢትዮጵያ ነው። የብቸኛነት አንቀጹ ሲፈረምም ሲፈርስም ዕቃው የእኛ ነበር፤ ፊርማችን ግን የለበትም። ዶራሌ በተወረሰ ሰሞን፣ በመጋቢት 2018፣ ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ፣ ዲፒ ወርልድ 51፣ ሶማሌላንድ 30 በመቶ እንደሚይዙ ተነገረ። በአገር ቤት የተጨበጨበው ለ19ኙ በመቶ ነበር፤ አናሳ ባለድርሻ በታሪፍ፣ በወረፋ ወይም ተፎካካሪ ወደብ በመክፈት ላይ ምን ድምፅ እንዳለው የጠየቀ ጥቂት ነው። በ2022 ሶማሌላንድ ኢትዮጵያ ቅድመ ሁኔታዎቹን ስላላሟላች ድርሻውን አጥታለች አለች። ያንን ድርሻ የሚቆጩ ሁሉ ልብ ያላሉት አንድ ነገር አለ፤ ጅቡቲ በወደብ ኩባንያዋ በኩል በዶራሌ ሁለት ሦስተኛ ድርሻ ይዛ እንኳ በገዛ ዳርቻዋ ውል ሳትጥስ ሁለተኛ የኮንቴይነር ወደብ መክፈት አልቻለችም። በሚቀጥለው የወደብ ድርድር ላይ የሚቀመጡ የኢትዮጵያ ሰዎች ስለ መቶኛው ከመከራከራቸው በፊት የብቸኛነት አንቀጹ ማንን እንደሚያስር፣ ለስንት ዓመት እንደሚያስርና የመተላለፊያ ተጠቃሚውን አገር ይጠቅስ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።