የመዳብ ካርቢን ውህዶች

የመዳብ ካርቢን ውህድ ካርቢን የተባለ ሞለኪል ከመዳብ አቶም ጋር ተያይዞ የሚሠራው ውህድ ነው። በዋናነት እንደ ካታሊስት ያገለግላል፤ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን ያፋጥናል፣ ራሱ ግን በለውጡ አያልቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ካርበን አብዛኛውን ጊዜ አራት ትስስሮች አሉት። በካርቢን ውስጥ ያለው ካርበን ግን የተያያዘው ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ብቻ ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮኖችም ሳይጋሩ ይቀሩለታል። ስለዚህ ካርቢን ለረጅም ጊዜ ወዲያው ተፈጥሮ ወዲያው የሚጠፋ ነገር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1991 የዱፖንት ኩባንያው አንቶኒ አርዱዌንጎ በጠርሙስ ሊቀመጥ የሚችል የካርቢን ክሪስታል አገኘ። ካርበኑ በቀለበት ውስጥ በሁለት ናይትሮጅኖች መካከል ተቀምጦ ነበር፤ ናይትሮጅኖቹ ኤሌክትሮን ያካፍሉታል፣ በላያቸው የተተከሉት ግዙፍ ቡድኖች ደግሞ ይከልሉታል። በ1993 አርዱዌንጎና ባልደረቦቹ ይህን መሰል ካርቢን ከመዳብና ከብር ጋር አያያዙ። በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካዊው ሄልጋርድ ራውበንሃይመር ቡድን ሌሎች የመዳብ ካርቢኖችን አሳተመ።

ይህ ቀለበት ለሐረርጌ ሰው ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። በገለምሶ፣ በበደሳና በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) አካባቢ በሚበቅለው ቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌይን፣ ባለ አምስት ማዕዘን ክፍሉ ኢሚዳዞል የተባለው ይኸው ቀለበት ነው። በካፌይን ላይ አንድ ሜቲል ሲጨመር የካርቢን መነሻ የሚሆን ጨው ይገኛል። በአሜሪካ የአክሮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2004 ከካፌይን የብርና የሮዲየም ካርቢኖችን ሠርተዋል። ለመዳብ ካታሊስት ግን ብዙውን ጊዜ የሚመረጡት ከሜቲል እጅግ የሚበልጡ ቡድኖች ያሏቸው ካርቢኖች ናቸው።

አዘገጃጀት

መነሻው የኢሚዳዞሊየም ጨው ነው። ከጨው ላይ አንድ ፕሮቶን ሲነሳ ካርቢን ይሆናል፤ ልዩነቱ ፕሮቶኑን የሚያነሳው ምንድን ነው የሚለው ነው። ቀደምቱ መንገድ ጠንካራ ቤዝ ይጠቀማል፤ ውጤታማ ቢሆንም አየርና እርጥበት እንዳይገባ ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ ጨውን ከብር ኦክሳይድ ጋር አዋህዶ ካርቢኑን ከብር ወደ መዳብ ማዛወር ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን ብር ያባክናል። በ2010 የታተመው የካትሪን ካዚን ቡድን ዘዴ መዳብ ኦክሳይድን ራሱን እንደ ቤዝ ይጠቀማል፤ የሚተርፈው ውሃ ብቻ ነው።

አነስተኛ ላቦራቶሪ ላለው ተቋም ይበልጥ የሚያመቸው ግን በ2013 የታተመው ዘዴ ይመስላል። ጨው፣ መዳብ ክሎራይድና ፖታሲየም ካርቦኔት በአሴቶን ውስጥ ሆነው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አየር ባለበት ይሞቃሉ። ለምሳሌ አይፒአር በተባለው የታወቀ ካርቢን 0.425 ግራም ጨውና 0.099 ግራም መዳብ ክሎራይድ ቢበዛ 0.488 ግራም ነጭ ውህድ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ የመዳብ ክሎራይዱን ቀለም ማየት ይበጃል፤ ወደ አረንጓዴ ካደላ በአየር ተቃጥሎ ወደ መዳብ ሁለት ተለውጧል።

አገልግሎት

በ2001 ፍሬዘርና ውድዋርድ የመዳብ ካርቢንን በመጠቀም ከዚንክ ውህድ ላይ ኤቲል ቡድንን ወደ ሌላ የካርበን ሞለኪል አሸጋገሩ። በ2003 ደግሞ የስቲቨን ቡክዋልድ ቡድን ሃይድሮጅንን ለማሸጋገር ተጠቀመበት። በዚህ ሥራ ወደ ዕቃው የሚጨመረው ውህድ ገና ካታሊስት አይደለም። ቤዝ መጀመሪያ ክሎሪኑን ይተካል፤ ከዚያ ሲሌን የተባለ የሲሊከን ውህድ ለመዳቡ ሃይድሮጅን ይሰጠዋል። መዳቡ ሃይድሮጅኑን ለሌላው ሞለኪል አስረክቦ ከሲሌኑ አዲስ ይቀበላል፤ ዑደቱም ይቀጥላል።

በ2005 የጆሴፍ ሳዲጊ ቡድን የቦሮን ውህድ በመጠቀም ከካርበን ዳይኦክሳይድ አንድ ኦክስጅን እንዲነሳ አደረገ፤ አንድ የመዳብ አቶም ሥራውን እስከ 1000 ጊዜ ደግሞታል። በ2006 የስቲቨን ኖላን ቡድን አዛይድንና አልካይንን ለማያያዝ ተጠቀመበት። ይህ ለውጥ ክሊክ ኬሚስትሪ ከሚባለው ውስጥ ዋነኛው ሲሆን፣ ሻርፕለስና ሜልዳል ከቤርቶዚ ጋር የ2022ን የኖቤል ሽልማት ያገኙበት መስክ ነው።

መዳብ ከፓላዲየምና ከፕላቲነም በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ሆኖም ሕያው ሕዋስን ይጎዳል፤ ስለዚህ ምርቱ ለመድኃኒት ከታሰበ የቀረው መዳብ ተጣርቶ መውጣት አለበት።